ሰሚት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው፤ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?

አዲስ ገዢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደላላ ሁለት ቤት አሳይቶናል። አንደኛው ሰሚት ነው፤ ባለ ሁለት መኝታ፣ ጂ ፕላስ 4 ብሎክ ላይ የመጨረሻው ፎቅ። ካርታ አለው፣ ግን ንግድ ባንክ የቀረ ዕዳ አለበት። ባለቤቱ አሜሪካ ስለሆነ የሚሸጠው ወንድሙ ነው፤ ውክልና አለኝ ይላል። አሁን ተከራይ ይኖርበታል። ሁለተኛው ቦሌ አራብሳ ባለ ሦስት መኝታ ነው። በዋጋ በጣም ይሻላል፤ ካርታ ግን አልወጣለትም፣ አምስት ዓመቱም ገና አልሞላም። ደላላው "ችግር የለውም፣ በውክልና ትይዙታላችሁ፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞራል" ነው የሚለው። ባለቤቴ ወደ አራብሳው አዘንብሏል፣ እኔ ወደ ሰሚቱ። ሁለታችንም ቤት ገዝተን አናውቅም። "እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ" እየተባልን ስለሆነ ወረቀቱም ቤቱም ላይ ምን ማየት እንዳለብን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ውልና ጉዳዩ፦

እህቴ፣ የአራብሳውን አስቀድሜ ልጨርሰውና ወደ ሰሚቱ እንሂድ።

በዕጣ የተላለፈ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ደላላው "በውክልና ትይዙታላችሁ" ሲል የሚያስጨብጣችሁ የወረቀት ጥቅል ነው፦ ቤቱን የማስተዳደርና የመሸጥ ውክልና፣ የከፈላችሁትን ገንዘብ ብድር አስመስሎ የሚያሳይ ውል፣ አንዳንዴ ደግሞ ኑዛዜ። እያንዳንዱ የሚበጠስበት ቦታ አለው። ውክልናን ሰጪው በፈለገው ቀን ይሽረዋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226)፤ ሲሞት ደግሞ በራሱ ይቀራል (2232)። ባለ ዕጣው ቢሞት ቤቱ በማግስቱ የወራሾቹ ነው፤ እናንተ ሴራሚክ አንጥፋችሁ ቁም ሣጥን አሠርታችሁ ብትገቡበትም በእጃችሁ ያለው ውክልና አያስከራክራችሁም። የብድር ውሉ የሚያስመልሰው ብሩን ብቻ ነው። ዛሬ 4 ሚሊዮን ሰጥታችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው 4 ሚሊዮን ቢመለስላችሁ ሳሎኑን እንኳ አይገዛላችሁም። ኑዛዜውም ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቀየራል።

የጊዜውንም ስሌት ራሳችሁ አስሉት። ሐምሌ 2014 የወጣው የ25 ሺህ 491 ቤቶች ዕጣ ሲስተሙ ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ ኅዳር 2015 እንደገና ነው የወጣው። ቤቱ የዚያ ዙር ከሆነ አምስት ዓመቱ ከኅዳር 2020 በፊት አይሞላም፤ ውል የሚፈረመው ከዕጣው በኋላ ስለሆነ ከዚያም ይገፋል። እስከዚያ ድረስ የማታውቁት ሰው ጤናውም፣ ትዳሩም፣ ዕዳውም የእናንተ ጭንቀት ይሆናል። ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው። እኔ ብሆን አልነካውም።

ወደ ሰሚቱ። የካርታ ፎቶ ኮፒ አይታችሁ አትመኑ። ኮፒውን ይዛችሁ ከወኪሉ ጋር ክፍለ ከተማ ሂዱና ፋይሉ ይከፈት። ሰሚት ድሮ ቦሌ ነበር፤ በ2013 ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም ወደዚያ ገብቷል። ስለዚህ የቆየ ወረቀት "ቦሌ ክፍለ ከተማ" ቢል አትደንግጡ፤ ፋይሉ ተሟልቶ መዛወሩን ግን ጠይቁ። ከፋይሉ ጋር የምታስተያዩት የባለቤቱን ስም እስከ አያት፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ፣ የቤት ቁጥርና ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ በሩ ላይ ሂዱ። በእጅ ተለዋውጠው የሚኖሩ ባለዕጣዎች አሉ፤ ወረቀቱ 2ኛ ፎቅ ይላል፣ ሰውየው 4ኛ ፎቅ ያሳያችኋል። ስም የሚዞርላችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ቤት ነው።

ካሬውን ደላላ ሲነግራችሁ የጋራ ድርሻውን ደምሮ ነው፤ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ሁሉም ይገባበታል። በር ከዘጋችሁ በኋላ ውስጥ ያለውን በሜትር ለኩት። ሁለት ቤት በካሬ ስታወዳድሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ልኬት አድርጉት።

ከዚያ "ከዕዳና እገዳ ነፃ" የሚለው ማጣሪያ ነው። ቤቱ ላይ የባንክ፣ የፍርድ ቤት ወይም የሌላ አካል እገዳ ካለ ፋይሉ ውስጥ ይታያል። የሰው ሁሉ ስህተት ይህን ደብዳቤ አንዴ አውጥቶ አንድ ወር ኪሱ ይዞ መዞር ነው። እገዳ በአንድ ቀን ይገባል። ውል የምትፈርሙ ዕለት ጠዋት ወይም ከዚያ በፊት በነበረው ቀን እንደገና ይታይ።

ትዳር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ባያውቅም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል (አንቀጽ 69)። ካርታው በአንድ ሰው ስም ስለሆነ የአንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ያለው ሻጭ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ለወንድምየው ውክልና መስጠት አለባት፤ የእሱ ብቻ አይበቃም። ካላገባ ያላገባ ማስረጃ፣ ከተፋታ የፍቺውንና የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ጠይቁ። ፍቺው ኖሮ ክፍፍሉ ከሌለ ቤቱ ገና የሁለቱ ነው ብላችሁ ያዙት።

ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ካልተፈረመ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ይመጣባችኋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በተፈቀደለት አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በሦስት ምስክር የተፈረመ የሠፈር ወረቀት ሻጩ የካደ ቀን ገንዘብ ማስመለሻ እንጂ ቤት ማግኛ አይሆንም።

ቀብድ ላይ አትቸኩሉ። ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" ተብሎ ይጻፍ፤ "ቅድመ ክፍያ" አይሁን። በቀብድ ሕግ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885) ከፋዩ ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ ይመልሳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አስገቡ፦ ማጣሪያው ላይ እገዳ ወይም ያልተገለጸ ዕዳ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ይህን ለመጻፍ እምቢ ያለ ሻጭ ራሱ ማጣሪያ ነው። "ሌላ ገዢ አለ" ደግሞ ሁልጊዜ አለ።

ፎርማኑ፦

ወረቀቱ ተነግሯል፣ እኔ ቤቱን ልናገር። የመጨረሻ ፎቅ ስለሆነ ከላይ እጀምራለሁ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ኮርኒስ አለ። ኮርኒሱ ላይ ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት ካያችሁ ውሃ ገብቶ ደርቋል ማለት ነው። ምልክት ከሌለና አንዱ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ የበለጠ ጠርጥሩ። ጣሪያ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ አሸንዳው በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ሲመለስ ነው። ሁለተኛው ዲሽ ነው። የብሎኩ ሰው ሁሉ ዲሹን ቆርቆሮው ላይ በብሎን ያስራል፤ ሲነቅለው ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። መውጫው ካልተቆለፈ ውጡና በእናንተ ክፍሎች አናት ላይ ስንት የተነቀለ ዲሽ ቀዳዳ እንዳለ ቁጠሩ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙን የተሸከመው ኮለኑ (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢሙ (አግዳሚው) ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ነው። ስለዚህ ብሎኬት ከኮለን የሚገናኝበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ የልስን ጉዳይ ነው፤ በሽቦ ወንፊት ተለስኖ ይስተካከላል። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ የሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ ከሆነ ግን ቁሙ። ኮለን ወይም ቢም ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ወይም ኮንክሪቱ ተልጦ የዛገ ፌሮ የሚታይ ከሆነ መሐንዲስ ሳታሳዩ አትቀጥሉ። ምድር ቤቱ ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ። ባለሱቁ ሰፊ በር ለማውጣት ምን እንደነካ ግቡና ተመልከቱ፤ ግድግዳ ከሆነ ያፈረሰው ይሁን፣ ኮለን ከተጠረበ አደጋው የሁላችሁም ነው።

ኮርኒስ የሌለባቸው ታች ፎቆች ላይ በየ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትይዩ መስመር ሲታይ ሰው ይደነግጣል። እሱ የወለሉ አሠራር ነው፤ ቢሙ ተዘርግቶ በመሃሉ ባዶ ብሎኬት ይደረደራል። ችግር የሚሆነው መስመሩ ላይ ውሃ ሲያዥ ነው።

የውስጥ መለያ ግድግዳውን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ የካርቶን ድምፅ ከሰጠ አግሮስቶን (ተገጣጣሚ የግድግዳ ሰሌዳ) ነው። አግሮስቶን መጥፎ አይደለም፤ ክብደትና ውሃ ግን አይችልም። 50 ሊትር ቦይለር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው፤ አግሮስቶን ላይ ከተሰቀለ አንድ ቀን ከነብሎኑ ይወርዳል። የኪችን ካቢኔም እንደዚያው። ቦይለርና ካቢኔ የሚሰቀልበት የብሎኬት ግድግዳ በትክክለኛው ቦታ መኖሩን አሁኑኑ እዩ፤ ከሌለ ከወለል የሚነሳ የብረት ማቆሚያ ማሠራት አለባችሁ።

አሁን ዋናው፦ ሽንት ቤት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው እሱ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ሴራሚክ ሲያስነጥፍ ከሥሩ የውሃ መከላከያ ካላስቀባ ውሃው በመጋጠሚያው ሰርጎ የታችኛውን ሰው ኮርኒስ ያበሰብሳል። በዓይን አይታይም፤ ይፈተናል። የወለሉን ፍሳሽ መውጫ በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኑት፣ 2 ሳንቲ ሜትር እስኪቆም ውሃ አፍስሱ። 1.5 በ2 ሜትር የሆነ ሽንት ቤት 60 ሊትር ይፈልጋል፤ ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ነው። ጠርዙን በእርሳስ ምልክት አድርጉና በማግስቱ ተመለሱ። ከምልክቱ በደንብ ከወረደ፣ ወይም ታች ያለው ሰው ኮርኒስ ከረጠበ፣ ሴራሚኩ ተነቅሎ እንደገና ይሠራል ማለት ነው፤ ከዋጋው ቀንሱት። ሻጩ ፈተናውን እምቢ ካለ ታች ወርዳችሁ በሩን አንኳኩና የሽንት ቤቱን ኮርኒስ ለማየት ለምኑ። ማንም ሰው በደስታ ያሳያችኋል፤ ችግር ካለማ ቡና ያፈላላችኋል። የሽንት ቤቱ ደፍ ከኮሪደሩ ወለል ከፍ ማለቱንም እዩ፤ እኩል ከሆነ ትንሽ ጎርፍ ሳሎን ይገባል።

ውሃ። ከመሬት እስከ 4ኛ ፎቅ ያለው ቧንቧ 13 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃው ለመውጣት ብቻ 1.3 ባር ግፊት ይበላል። በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ታች ያሉት ሁሉ ሲከፍቱ ላይኛው ፎቅ የሚደርሰው ጭላጭ ነው። ፈረቃው የሚመጣበትን ቀን ጠይቁና ያን ዕለት ጠዋት ሄዳችሁ ቧንቧ ክፈቱ። ሌላ ቀን ማየት ጥቅም የለውም። በረንዳ ላይ 1000 ሊትር ሮቶ ተቀምጦ ካገኛችሁ ሲሞላ 1 ቶን መሆኑን አስቡ፤ በረንዳው ለሰው እንጂ ለዚያ አልተሠራም። ሮቶው ከቤቱ ጋር "ስጦታ" ነው ሲሏችሁ ወርዶ ይወሰድ በሉ።

መብራት። ምጣድ 3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፒር ነው። በተራ ሶኬት መስመር፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ላይ ሶኬቱ ይቀልጣል። ለምጣድ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና 25 አምፒር ብሬከር መኖሩን እዩ። ኪችን ያለው ሶኬት ጠርዙ ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

የኤልቲዜድ (የብረት ፍሬም) መስኮቶቹን ከታች በኩል እዩዋቸው፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። እሱ ግን ቀላል ነው።

የብሎክ ሰብሳቢ፦

ልጆቼ፣ ሰው ቤቱን አይቶ ይገዛል፣ ማኅበሩን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የፍሳሽ መስመሩ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ነው፤ ወጪውም የጋራ ነው። ፎርማኑ የተናገረውን ቆርቆሮ ውሰዱ። በሕግ የጋራ ስለሆነ ጥገናው የብሎኩ ነው። በተግባር ግን 1ኛ ፎቅ ያለው ሰው ዝናብ አይነካውምና ገንዘብ ሲባል ይሰወራል። ስለዚህ የመጨረሻ ፎቅ ስትገዙ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ለማየት ጠይቁ፤ ባለፉት ዓመታት ለጣሪያ ወይም ለፓምፕ ተዋጥቶ ያውቃል ወይ? ተዋጥቶ ካወቀ ማኅበሩ ይሠራል። መተዳደሪያ ደንብ የለውም፣ ስብሰባ ተጠርቶ አያውቅም ከተባላችሁ የጣሪያውን ጥገና በራሳችሁ ኪስ አስቡት።

ከማኅበሩ የጥበቃ፣ የጽዳትና የፓምፕ ውዝፍ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ይውጣ። የውሃ ሒሳብና የጣሪያና ግድግዳ ግብር የመጨረሻ ደረሰኝም እንዲሁ። ተከራይ ሲኖር ውሃውን አከራይ ይከፍላል፣ ተከራይ ይከፍላል እየተባለ ሲጠራቀም ነው የሚገኘው።

ግቢ ውስጥ በቀለም ቁጥር ተጽፎበት "ይህ የኛ ፓርኪንግ ነው" የሚባለውን በወረቀት ካላያችሁ አትቁጠሩት። የጋራ ማብሰያው ቤት ደግሞ ዛሬ ምን ሆኖ እንዳለ እዩ። እንጀራ መጋገሪያና በዓል ሲመጣ በግ ማረጃ እንዲሆን የተሠራ ነው፤ አንዳንድ ብሎክ ላይ ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራይቷል። ኪራዩ የት እንደሚገባ ብትጠይቁ የኮሚቴውን ጠባይ በአንድ ጥያቄ ታውቁታላችሁ።

የተዘጋ በረንዳ፣ የተቀጠለ ክፍል ካለበት ፈቃዱን ጠይቁ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ "አፍርሱ" የሚለው ደብዳቤ የሚደርሰው ቤቱን በያዘው ሰው ስም ነው።

ስለ ተከራዩ፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (1320) ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ "ነገ ይወጣል" የሚለውን አትመኑ። የተመዘገበ የኪራይ ውል ካለ ቀኑን እዩ፣ ተከራዩንም ራሳችሁ አነጋግሩት። ቤቱ ባዶ ሆኖ ቁልፍ እስኪሰጣችሁ ድረስ ከዋጋው የተወሰነ ክፍል እንዲቆይ ውሉ ላይ ይግባ።

አዲስ ገዢ፦

ጋሼ፣ ፎርማኑ፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም አንብቦታል፣ አራብሳው ቀርቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሻጩ የባንኩን ዕዳ "እናንተ ክፈሉልኝና ከዋጋው ይቀነስ" ይላል። ደላላው ደግሞ ውሉ ላይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ይጻፍ፣ ሻጩ ኔት ነው የሚፈልገው ብሏል። ይሄ የተለመደ ነው?

ውልና ጉዳዩ፦

የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን አይጠቅማችሁም።

መጀመሪያ ዕዳው። ባንኩ እገዳውን ካላነሳ ስም አይዞርም፣ ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ አያነሳም፣ ሻጩ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገዢው ነው የሚከፍለው። አደገኛው ቦታ ዕዳው ከተከፈለበት እስከ ውሉ ፊርማ ያሉት ቀናት ናቸው፤ የሰው ዕዳ ከፍላችሁለታል፣ ቤቱ ግን ገና የእሱ ነው። ማድረግ ያለባችሁ፦ ከባንኩ የቀረውን ዕዳ እስከነወለዱ የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይውጣ። ገንዘቡን ለወንድምየው በእጁ እንዳትሰጡ፤ በቀጥታ ወደ ብድር ሒሳቡ ገቢ አድርጉ፣ ደረሰኙ ላይ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይታይ። ከመክፈላችሁ በፊት ሽያጩ በተባለው ቀን ካልተፈረመ ይህን ያህል ብር በዚህ ቀን ይመለሳል የሚል የብድር ውል ይፈረም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መሆን አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472)። አዲስ አበባ ያለ፣ ንብረት ያለው ዋስ ይግባበት፤ ሻጩ አሜሪካ ሆኖ በማን ላይ ትከሳላችሁ? ወንድምየው ራሱ ዋስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እምቢ ካለም ጥሩ መረጃ ነው። ዕዳው ማለቁን የሚገልጸው የባንኩ ክሊራንስ ወጥቶ የእገዳ ማንሻው ደብዳቤ ክፍለ ከተማ ፋይል ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው ወደ ውልና ማስረጃ የምትሄዱት። ቀሪውን በሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) አድርጉት፤ የተፈረመ ዕለት እጅ በእጅ ይለዋወጣል።

ዋጋ ዝቅ ማድረግ። ጥቅሙ የሻጩ ነው። የካፒታል ዕድገት ግብር በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ከትርፉ 15 በመቶ ሲሆን ከፋዩ ሻጩ ነው። የእናንተ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያና የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል፤ ልኩን ክፍለ ከተማው ጠይቃችሁ ያዙ። ክፍለ ከተማው የራሱ ግምት ስላለው ዝቅ ያለው ዋጋ ላያልፍም ይችላል። ካለፈ ደግሞ ሁለት ጊዜ ትጎዳላችሁ። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ የሚመለስላችሁ የተጻፈው ነው። በ5 ሚሊዮን ገዝታችሁ 2 ሚሊዮን ብታጽፉና ነገ በ6 ሚሊዮን ብትሸጡት ትርፋችሁ 4 ሚሊዮን ሆኖ ይቆጠራል፤ ሌላውን ማስተካከያ ትተን በደረቁ 600 ሺህ ብር ግብር ነው። እውነተኛውን ብታጽፉ 150 ሺህ ነበር። የዛሬውን የሻጭ ግብር ነገ እናንተ ትከፍሉለታላችሁ።

"ኔት" ማለት ደግሞ ግብሩንም፣ የደላላውንም እናንተ ቻሉ ማለት ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ማን ምን እንደሚከፍል በዝርዝር ይጻፍ፤ ደላላውም የሚወስደው ከማን ስንት እንደሆነ ፊት ለፊት ይነገር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሻጩ እኛ ያለንበት ሀገር ስለሆነ ስለ ውክልናው ልጨምር። ከዚህ የሚላክ ውክልና መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሰጪው ኤምባሲ ቀርቦ ይፈርማል፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ከሦስቱ አንዱ ማኅተም ከጎደለ ሥራው ገና አላለቀም። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ በመዝገብ ቁጥሩ አስፈልጉት፤ በኋላ በሌላ ሰነድ ተሽሮ እንደሆነም ጠይቁ።

ጽሑፉን ቃል በቃል አንብቡት። "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" የሚል አጠቃላይ ውክልና ቤት አይሸጥም፤ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205)። "ለመሸጥ" ይበል፤ "ገንዘብ ለመቀበል" የሚለውም ለብቻው ይኑር። መሸጥ ተፈቅዶለት መቀበል ያልተፈቀደለት ወኪል አለ፤ ያኔ የምትከፍሉት በባለቤቱ ስም ባለ ሒሳብ ብቻ ነው። በሁለቱም ሁኔታ እኔ ገንዘቡ በባለቤቱ ስም ወዳለ ሒሳብ ቢገባ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው የስም ልዩነት ነው። ካርታው ላይ ስሙ እስከ አያት ተጽፏል፤ አሜሪካ ፓስፖርት ላይ የአባት ስም ብቻ፣ ወይም አያቱ የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ አጻጻፉም ተለውጦ ይገኛል። ዜግነት ከቀየረ ደግሞ በቢጫ ካርዱ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው) ስም ይመጣል። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከሌለ ውልና ማስረጃ መስኮት ላይ ትመለሳላችሁ፤ እሱን ለማምጣት ሌላ የኤምባሲ ቀጠሮ ነው። ዕዳውን ከመክፈላችሁ በፊት የፓስፖርቱን፣ የቢጫ ካርዱንና የካርታውን ስም ጎን ለጎን አስቀምጡና አንብቡ። የሚስቱንም።

በቪዲዮ ደውላችሁ ከራሱ ጋር ተነጋገሩ። የቤቱን ዋጋ ወንድሙ ከነገራችሁ ጋር አስተያዩ። የተለያየ ቁጥር ከመጣ ልዩነቱ የማን እንደሆነ እናንተ ከመግባታችሁ በፊት ይጨርሱ።

አዲስ ገዢ፦

ወንድምየውን ስለ ሚስቱ ውክልና ስጠይቀው "ያስፈልጋል እንዴ?" አለኝ። ቀብዱን ለጊዜው ይዘነዋል። ፎርማኑ፣ አንድ ጥያቄ፦ የሽንት ቤቱን ፈተና ተከራዩ እያለ ማድረግ ይቻላል? ጣሪያውንስ አሁን በበጋ ምን ብዬ ነው የምፈትነው?

ፎርማኑ፦

ይቻላል። ተከራዩን አስፈቅዱ፣ ማታ አፍስሳችሁ ጠዋት እዩት፤ አንድ ሌሊት ለትልቅ ስርገት ይበቃል። የሚታጠቡበትን ውሃ በጀሪካን ቀድታችሁ ስጧቸው።

ጣሪያውን በቀን ኮርኒሱ ቀዳዳ በኩል ገብቶ መብራት አጥፍቶ ማየት ነው፤ ቆርቆሮው የተበሳበት ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ቆርቆሮው ላይ ሰው ስታስወጡ ሚስማሩ ያለበትን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ ብረት አለ፣ መሃሉን ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ውሃ አሸንዳው ላይ አፍስሱና ታች በመውረጃው ቱቦ መውጣቱን ሌላ ሰው ቆሞ ይይ። ካልወጣ ወይ ተደፍኗል ወይ መሃል ላይ ተሰብሮ ግድግዳ ውስጥ እየገባ ነው፤ የተሰበረ ከሆነ ቱቦው በሚያልፍበት በኩል ያለው መኝታ ቤት ልስኑ ከታች ጀምሮ ተነፋፍቶ ታገኙታላችሁ። እጃችሁን አድርጉበት፣ ይረግፋል።